ደብተሩን ፈልጉ፦ የሞባይል አፕ ሐሳብ ከየት ይገኛል?

(አፕ መሥራት ለጀመሩ ወጣቶች የተደረገ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ ኮድ መጻፍ ጀምራችኋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከሚሰጣቸው ትምህርቶች አንዱ የአንድሮይድ አፕ መሥራት ስለሆነ በዚያ በኩል የመጣችሁም አላችሁ። ሰርተፍኬቱ እጃችሁ ገብቷል፣ ላፕቶፑ ተከፍቷል፤ ከዚያ በኋላ ግን አብዛኛው ሰው ዝም ይላል። "ምን ልሥራ?" የሚለው ጥያቄ ከኮዱ ይበልጥ ይከብዳል። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ጥያቄ ብቻ ነው፤ አንድም የኮድ መስመር አላሳያችሁም።

ወጣቶችን "ምን አስባችኋል?" ብዬ ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ መልስ "የኢትዮጵያ ኡበር"፣ "የኢትዮጵያ አማዞን" የሚል ነው። ሌላ አገር ላይ የተሳካ ነገር ፊት "የኢትዮጵያ" የሚል ቃል ስናስቀምጥ ሐሳብ ያገኘን ይመስለናል። ያገኘነው ግን የሌላ ሰው መልስ ነው፤ ጥያቄው ምን እንደነበር እንኳን አናውቅም። ስለዚህ የእኔ ምክር አጭር ነው። አፕ አትፈልጉ፤ ደብተር ፈልጉ። ሰው ማንም ሳያስገድደው በየቀኑ በእጁ እየጻፈ የሚይዘው ደብተር የት እንዳለ ፈልጉ።

አስቡት። የዕድር ጸሐፊ ደብተር አለው። የዕቁብ ሰብሳቢ ደብተር አለው። ታክሲ ተራ ላይ የቆመው ተራ አስከባሪ የታርጋ ቁጥር የሚጽፍባት ወረቀት ኪሱ ውስጥ አለች። የትምህርት ቤት ሰርቪስ ሹፌር የየትኛው ልጅ ወላጅ እንደከፈለ፣ የትኛው እንዳልከፈለ ይመዘግባል። ልብስ ሰፊው የሰውን ልክ ይጽፋል። ሰው የማይጠቅመውን ነገር በየቀኑ ለመጻፍ አይደክምም። ስለዚህ ደብተር ካያችሁ ችግሩ እውነተኛ ስለመሆኑ፣ ሰውየውም እሱን ለመፍታት ጊዜ እንደሚሰጥ ማስረጃ አገኛችሁ ማለት ነው። የደብተሩ አምዶች መረጃው ምን ምን እንደሆነ ይነግሯችኋል። ስርዝ ድልዙ የት እንደሚሳሳቱ፣ ኅዳጉ ላይ የተጨማመረው ደግሞ አምዶቹ ያልቻሉት ነገር ምን እንደሆነ ያሳያችኋል።

አንዱን ደብተር ቀርበን እንየው፤ የሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር።

ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው፤ ሽፋኑ እንዳይቀደድ በፕላስተር ተለጥፏል፣ እስክሪብቶው በክር ታስሮበታል። እያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ ይኖረዋል። አናቱ ላይ የተጻፈውን ስም አንብቡ፦ "የቤቲ እናት"፣ "2ኛ ፎቅ"፣ "ነጩ በር"፣ "ጋሼ ሾፌሩ"። ሙሉ ስም የሚባል ነገር የለም። ከሥሩ ቀን፣ ከቀኑ ጎን "ዳቦ 4"፣ "ስኳር ግማሽ"፣ "ዘይት 1"፣ ከዚያ ብሩ። ወር ሲደርስ ባለሱቁ ካልኩሌተር አውጥቶ ይደምራል። ደንበኛው ገንዘቡን ሲሰጥ ገጹ ላይ ከላይ እስከ ታች ሰያፍ መስመር ይሰመራል፤ የሚሰመረውም ከፋዩ ቆሞ እያየ ነው።

አሁን ከዚህ ገጽ ምን እንማራለን? መጀመሪያ ስሙን እንውሰድ። የምትሠሩት አፕ ሲከፈት "ስም፣ የአባት ስም፣ ኢሜይል ያስገቡ" ካለ እዚያው አበቃለት። ባለሱቁ የቤቲ እናት ማን እንደምትባል አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። ቀጥሎ ሲጽፍ እጁን ተመልከቱ። በአንድ እጁ ዳቦ ይዟል፣ ከኋላ ሌላ ሰው ቆሟል፣ አንድ ልጅ ደግሞ "ጋሼ፣ ካርድ አለ?" እያለ ይጮኻል። ጽሑፉ በጥቂት ሴኮንድ ያልቃል። አምስት ጊዜ መንካት የሚጠይቅ አፕ ከዚህ እስክሪብቶ ጋር ሊወዳደር አይችልም። ሰያፍዋን መስመርም አትናቋት፤ እሷ ደረሰኝ ናት። ሁለቱም ባሉበት ስለምትሰመር ማንም በኋላ አይክዳትም። በዚያ ላይ ደብተሩ ሲገለጥ ደንበኛው የሚያየው የራሱን ገጽ ብቻ ነው፤ ጨዋ ባለሱቅ የሌላውን ገጽ በእጁ ይሸፍናል። የሰውን ምስጢር እንዲህ የሚጠብቅ አፕ ብዙ አላየሁም።

ስለዚህ ደብተሩን እናክብረው። መብራት ሲጠፋ ይሠራል፣ ኔትወርክ አይፈልግም፣ ቻርጅ አያልቅበትም። "ደብተሩን የሚተካ አፕ እሠራለሁ" ብላችሁ ከተነሳችሁ በአብዛኛው ትሸነፋላችሁ። ጠቃሚው ጥያቄ ደብተሩ የማይችለው ነገር ምንድን ነው የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ ጸብ የሚነሳበትን ሰዓት ጠብቁ። የወሩ መጨረሻ ነው። እናት ሒሳቡን ሰምታ ትደነግጣለች። "ይሄን ሁሉ ማን ወሰደ?" ትላለች። ባለሱቁ "ልጅሽ ናት፣ ማክሰኞ ለስላሳ አስጻፈች" ይላል። ልጅቷ ትክዳለች። ባለሱቁ አልዋሸም፣ እናትም አልዋሸችም፤ ደብተሩ ያለው ሱቅ ውስጥ ነው፣ ቤተሰቡ ያለው ቤት ነው፤ በመካከላቸው ወሬ የሚያደርስ የለም። ሐሳቡ እዚህ ጋ ነው። ባለሱቁ አንድ ነገር ሲጽፍ ለእናትየው ስልክ አጭር መልእክት ቢደርስ ጸቡ ግማሽ በግማሽ ይቀንሳል።

ከዚያው ገጽ ሁለተኛ ሐሳብ ይወጣል። ብዙ ቤት ያንን የወር ዱቤ የምትከፍለው ዱባይ ወይም ቤይሩት የምትሠራ ልጅ ናት። ገንዘብ ትልካለች፤ ለምን እንደዋለ የምትሰማው በስልክ ነው። እናቷ የምትገዛበትን ገጽ እሷም ከሩቅ ብታየው፣ "ዘይቱን እኔ ከፍያለሁ" ብትል ምን ይሆናል? ይህን ሐሳብ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የሚያመጣው ሰው ያለ አይመስለኝም። ደብተሩ አጠገብ የቆመ ግን ያገኘዋል።

አሁን ወደ ሐሳብ ማፍለቂያው ስብሰባ ልምጣ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ቡድን የሚበላሸው እዚያ ነው። ሰብሰብ ብሎ ያለ ነቀፋ ብዙ ሐሳብ ማፍለቅን በዓለም ያስፋፋው አሌክስ ኦስቦርን የሚባል የኒው ዮርክ የማስታወቂያ ባለሙያ ነው። ሕጎቹ ጥሩ ናቸው፦ ሐሳብ ይብዛ፣ ሲወጣ አይነቀፍ፣ የአንዱ ሐሳብ በሌላው ላይ ይገንባ። ሆኖም በ1958 እ.ኤ.አ. ዬል ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት 4 ሰዎች አንድ ላይ ሆነው ካወጡት ይልቅ 4 ሰዎች ለየብቻቸው አስበው ያወጡት ተደምሮ ሲታይ እንደሚበልጥ አሳየ። አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ ያሰበው ይጠፋዋል፤ ወይም ያፍራል።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ታላቅ ባለበት ታናሽ ቀድሞ አይናገርም። አስተማሪ ወይም አለቃ "እኔ የሚመስለኝ…" ብሎ ከጀመረ የቀረው ስብሰባ ያንን ሐሳብ ማጽደቂያ ይሆናል። ይህ አክብሮት ጥሩ ባህላችን ነው፤ እንዲጠፋ አልፈልግም። ስለዚህ በንግግር ፋንታ በወረቀት እንጀምር። ጀርመናዊው በርንድ ሮርባኽ በ1968 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዘዴ ለእኛ በጣም ይስማማል። 6 ሰው ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ በ5 ደቂቃ ውስጥ 3 ሐሳብ ይጽፋል፣ ከዚያ ወረቀቱን ለጎረቤቱ ያሳልፋል፤ ጎረቤቱ ያነበበው ላይ ተንተርሶ ሌላ 3 ይጨምራል። 6 ዙር ሲሞላ፣ በግማሽ ሰዓት 108 ሐሳብ ጠረጴዛው ላይ ይሆናል፤ ማን የቱን እንደጻፈ አይታወቅም፣ ማንም በማንም ላይ አልተናገረም። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወረቀቱ አናት ላይ "ምን አፕ እንሥራ?" ብላችሁ አትጻፉ። ካያችሁት ደብተር የተወሰደ ጥያቄ ጻፉ፦ "እናትየው ወሩ ሳያልቅ ሒሳቡን እንድታውቅ ምን ይደረግ?" ጥያቄው ሲጠብ ሐሳቡ ይበዛል።

ከ108ቱ ውስጥ መምረጡ ላይ ብዙ አልቆይም። ሰው፣ ሰዓት፣ ችግር ያለበት አንድ ዓረፍተ ነገር ሊሆን የማይችለውን ሐሳብ ወደ ጎን አድርጉት። "ለሁሉም የሚሆን" የሚል ቃል ያለበትንም እንዲሁ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። ሐሳቡ ከተመረጠ በኋላም "አፕ ነው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። በ2014 እ.ኤ.አ. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ለአርሶ አደሩ ያዘጋጀው 8028 አፕ አልነበረም። አርሶ አደሩ በነጻ ይደውላል፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ በሽታው በቋንቋው ይሰማል። የሚያስፈልገው ማንኛውም ስልክ ነው። ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው ራይድም የተነሳው ማታ ከሥራ ሲወጣ ታክሲ ከማጣት፣ በዋጋ ከመከራከርና ከስጋት ነው፤ መጀመሪያ የተሞከረውም በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነበር። አፑ ከመጣ በኋላም 8294 ላይ ደውሎ መኪና መጥራት አልቀረም። ቴሌብር በ2021 እ.ኤ.አ. ሲጀመር አፕ ይዞ ቢመጣም *127# ብሎ የሚገባው ሰው አልተረሳም። የኛን ዱቤ ደብተር ብትወስዱት ለባለሱቁ አፕ ሊሆን ይችላል፤ ለእናትየው ግን አጭር መልእክት ይበቃታል፤ ዱባይ ላለችው ልጅ ደግሞ ቴሌግራም ቦት፣ ማለትም ቴሌግራም ውስጥ ራሱ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም፣ ይሻላት ይሆናል። አንዱ ሐሳብ ሦስት ዓይነት ልብስ ለበሰ ማለት ነው።

አጭር መልእክት ካልን ደግሞ ፊደላችንን እናንሳ። በላቲን ፊደል የሚጻፍ አንድ መልእክት 160 ምልክት ይይዛል። በአማርኛ ስትጽፉ ግን 70 ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል፣ ዋጋውም ሁለት ይሆናል። "የቤቲ እናት፦ ዳቦ 4፣ ስኳር ግማሽ ኪሎ ተጽፏል። ድምር 1,240 ብር።" ይህ ከነክፍተቱ 45 ነው፤ ያልፋል። "ውድ ደንበኛችን፣ ስለተጠቀሙ እናመሰግናለን" የምትል ሰላምታ ካከላችሁበት ግን በየዳቦው ሁለት ሒሳብ ትከፍላላችሁ። ሐሳብ ሲፈልቅ እንዲህ ያለው ወሰን ቀድሞ ቢታወቅ መልካም ነው፤ ወሰኑ ራሱ ሐሳቡን ያጠራዋል።

በዚህ በኩል ገና ያልተነካ ብዙ ነገር አለ፤ ብዙ ቆይቼ ማውራት የምፈልገውም ስለዚህ ነው። ስልኮቻችን የተሠሩት የእኛን ሰዓት፣ የእኛን ወር፣ የእኛን ስም ለማያውቅ ሰው ነው። እናታችሁ መድኃኒቷን "በ2 ሰዓት" ስትል የጠዋቱን 2 ሰዓት ማለቷ ነው፤ ስልኩ ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይጮኽባታል። "በየወሩ በ30 አስታውሰኝ" ብትሉት በፈረንጅ የካቲት 30 የለም፤ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ 12ቱ ወር ሁሉ 30 አለው፣ ጳጉሜን ግን 5 ወይም 6 ቀን ነው። የዕድር ወርኃዊ መዋጮ የሚያስታውስ አፕ ጳጉሜን ላይ ምን ያድርግ? ይህን የዕድር ጸሐፊ ጠይቁት፤ መልሱን ያለምንም ማመንታት ይነግራችኋል።

ስም ስንፈልግስ? ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ፣ ኀይሉ ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለስልኩ አራት ሰው ነው። ዓለምና አለም፣ ፀሐይና ጸሀይ እንዲሁ። የዕድር አባል ዝርዝር ውስጥ "ሀይሉ" ብላችሁ ስትፈልጉ "ኃይሉ" ካልወጣ፣ ጸሐፊው አፑን ዘግቶ ወደ ደብተሩ ይመለሳል፤ በደብተሩ ላይ ዓይኑ ራሱ ያገናኘዋልና። ሲፈለግ ሀ፣ ሐ፣ ኀን እንደ አንድ የሚቆጥር፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ የሚያዛምድ ትንሽ ኮድ መጻፍ ለእናንተ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሲቀመጥ ግን ሰውየው ስሙን እንደጻፈው ይቀመጥ፤ ስሙ የእሱ ነው። የቤተሰብ ስም የሚል ሳጥን ማስቀመጥም ይቅር፤ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ሳፋሪኮም በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ቁጥር የያዘ ሰው በርካታ ነው፤ እስካሁን "ስልክዎ በ09 መጀመር አለበት" የሚል ቅጽ አጋጥሞኛል። እንዲህ ያለ ቅጽ አንድን ሰው በሩ ላይ ይመልሰዋል፤ ያሳዝነኛል።

ሐሳባችሁ ገንዘብ የሚነካ ከሆነ ቀድማችሁ ሕጉን እዩ። ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ባንክ ያልሆነ ድርጅትም ፈቃድ አውጥቶ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ ሥራ እንዲገባ በር ከፍቷል፤ ያለ ፈቃድ ግን የሰው ገንዘብ መያዝ አይቻልም። ለጀማሪ የሚሻለው ገንዘቡን ለባንኩና ለቴሌብር ትቶ ሒሳቡን ብቻ መያዝ ነው። "ማን ስንት አለበት" የሚለው ራሱን የቻለ ትልቅ ሥራ ነው። የሰው መረጃ ስትይዙም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ አንብቡት። ጨዋው ባለሱቅ በእጁ የሸፈነውን ገጽ እናንተ መግለጥ የለባችሁም።

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። ባለሱቁ ከፈቀደ ማታ ማታ ሄዳችሁ የዕለቱን ጽሑፍ እዩ፤ ፈቃደኛ ለሆኑ ጥቂት ቤተሰቦች መልእክቱን በራሳችሁ ስልክ፣ በእጃችሁ ላኩ። አፕ የለም፣ እናንተ ናችሁ አፑ። ምን እንደሚመልሱ ተመልከቱ። በኬንያ ኤም ፔሳ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሙከራ ሲጀመር የታሰበው ሰዎች የተበደሩትን አነስተኛ ብድር በስልክ እንዲመልሱ ነበር። ሰዎቹ ግን እርስ በርስ ገንዘብ መላላክ ያዙ። ሠሪዎቹ ያንን አይተው በመጋቢት 2007 እ.ኤ.አ. ገንዘብ መላኪያ አድርገው አወጡት። ምናልባት እናትየው መልእክቱ ሲደርሳት "ለልጄ ዘይት አትስጥብኝ" ብላ ትመልስ ይሆናል። ያኔ ሐሳባችሁ ሌላ ሆነ፤ ከመጀመሪያውም የተሻለ።

ጥያቄዎች ተሰብስበው ደርሰውኛል፤ ሁለቱን ልመልስ።

አንዷ እህታችን "የዕቁብ አፕ ላስብ ነበር፤ ግን ተሠርቷል፤ ልተወው?" ትላለች። አትተዪው፤ ደብተሩን ክፈቺ። አንድን ዕጣ ለሁለት የሚጥሉ ሰዎች ታገኛለሽ። ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ጠርቶ ካልመጣ ገንዘቡ አይሰጠውም፤ የዋሱ ስም ኅዳጉ ላይ ነው። "ልጄን እየዳርኩ ነው፣ ተራውን ልቀቁልኝ" ያለ ሰው ይኖራል፤ ሰብሳቢው ዕጣ የደረሰውን አግባብቶ አለዋውጧቸዋል፤ ያም በቀስት ተመልክቷል። ያሉት አፖች ይህን ቀስት ይችሉታል? ካልቻሉ ሥራሽ እዚያ ነው። ስልኩ ዕጣውን ራሱ ያውጣ የሚል ሐሳብም ይመጣልሻል፤ እኔ ግን አባላቱ ፊት ለፊት የተጠቀለለችውን ወረቀት ልጅ ሲያነሳት ማየት ይፈልጋሉ ብዬ አምናለሁ። እሱን ተዪላቸው።

ሌላው ወንድማችን "ሐሳቤን ለሰው ከነገርኩ ይሰርቁኛል" ብሎ ይሰጋል። ስጋቱ ይገባኛል፤ ይሁንና ያልተነገረ ሐሳብን ማንም ሊያርመው አይችልም። ለተወዳዳሪህ ባትነግር ትችላለህ፤ ለባለሱቁ፣ ለእናትየው፣ ለዕድሩ ጸሐፊ ግን መንገር አለብህ። ደግሞም ጎግል ራሱ ብቻህን እንድትሠራው አይፈቅድልህም። ከኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. በኋላ በግል ስም የተከፈተ የፕሌይ ስቶር አካውንት አፕ ለሕዝብ ከማውጣቱ በፊት ቢያንስ 12 ሰዎች 14 ቀን ሳያቋርጡ እንዲሞክሩለት ይጠየቃል፤ መጀመሪያ 20 ሰው ነበር፣ በኋላ ወደ 12 ወረደ። የመመዝገቢያው 25 ዶላር አንዴ ብቻ የሚከፈል ነው፤ በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ካርዱን ከየት እንደምታገኝ ከወዲሁ አስብበት። 12ቱን ሰዎች ስትመርጥ የክፍል ጓደኞችህን ብቻ አትሙላበት። እነሱ ለአንተ ብለው ይጭኑታል፣ በሦስተኛው ቀን ይረሱታል። ቢያንስ ግማሾቹ ደብተር የያዙ ሰዎች ይሁኑ።

አመሰግናለሁ።